ያላነበብነውን መጽሐፍ ለልጅ አንጠቁም

ሰኔ ሲጋመስ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ወዲያው ስልካችን ላይ ዝርዝር መዝነብ ይጀምራል። «ልጆችዎ በክረምቱ ሊያነቧቸው የሚገቡ 10 ምርጥ አዳዲስ መጻሕፍት»። የሽፋን ፎቶዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር አለች፦ «አስተማሪና አዝናኝ»፣ «መልካም ሥነ ምግባርን የሚያንጽ»፣ «ከየቤቱ ሊጠፋ የማይገባው»። እኛም ልብ ሰጥተን፣ ለዘመድ አዝማድ አስተላልፈን፣ የወላጅነት ዕዳችንን የከፈልን መስሎን እንተኛለን። ጳጉሜን ላይ ያው ዝርዝር «ለአዲስ ዓመት ስጦታ» ተብሎ ይመለሳል።

ዛሬ እነዚህን ዝርዝሮች ልወቅስ ነው። ወቀሳውን ግን ከራሴ እጀምራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንዲህ ያለ ዝርዝር አውጥቻለሁ። ሰባት የልጆች መጻሕፍት ጠቆምኩ። ከሰባቱ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ሁለቱን ነው። አንዱን መጽሐፍ መደብር ቆሜ ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ። የቀሩትን አራቱን ከሽፋናቸው በቀር አላየኋቸውም። የአንዱ ደራሲ ወዳጄ ነው፤ ቡና ጋብዞኛል። ሌላውን «እባክህ ያዝልኝ» ያለኝ የሙያ ባልደረባዬ ነው። ሁለቱን ከሌላ ሰው ዝርዝር ገለበጥኩ። እሱ ደግሞ ከማን እንደገለበጠ እግዜር ይወቅ።

ጽሑፉ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት እህት ከዱባይ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ልጇ ወሎ ውስጥ አያቱ ዘንድ ያድጋል፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ትደውልለታለች። እሱ ከመማሪያ መጽሐፉ ያነብላታል፣ እሷ ታዳምጣለች። የእናትና የልጅ ጊዜያቸው ይቺው ናት። ከዝርዝሬ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ መርጣ፣ ብር ልካ፣ በዘመድ ከአዲስ አበባ አስገዛችለት። መጽሐፉ በደረሰ ማታ የመጀመሪያውን ገጽ እንዲያነብላት ጠየቀችው። ልጁ ጀመረ፣ ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። ከዚያ «እማ፣ ይሄ የትልቅ ሰው ነው፤ እኔ አልችልም» ብሎ አለቀሰ። በማግሥቱ ስትደውል ማንበብ አልፈልግም አላት። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው።

መልእክቷ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ልጄ ደክሞ ነው ወይስ መጽሐፉ ከብዶት ነው? አንተ አንብበኸዋልና ንገረኝ» ነው ያለችኝ።

አላነበብኩትም ነበር።

ሄጄ ገዛሁት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አምስት መስመር ይፈጃል። «አርአያነት»፣ «ኅብረተሰብ» እና «ቁርጠኝነት» የሚሉ ቃላት ገና አንደኛው ገጽ ላይ ተሰልፈዋል። ልጁ ምንም አልደከመም። የደከምኩት እኔ ነኝ፤ የእኔን ድካም ግን የስምንት ዓመት ልጅ ተሸከመልኝ።

ለትልቅ ሰው የምንፈራውን ለልጅ አንፈራም

እስኪ አስቡት። ለትልቅ ሰው ልቦለድ «አንብቡት» ብዬ ሳላነበው ብጽፍ፣ አንድ አንባቢ «የቱን ምዕራፍ ወደድከው?» ብሎ ያዋርደኛል። ስለ ፖለቲካ መጽሐፍ ሳላነብ ባወራ እዚሁ አስተያየት መስጫው ላይ ተዘልዝዬ አድራለሁ። የልጆች መጽሐፍን ግን ሳያነቡ ማወደስ ነውር አይደለም። ለምን? አንባቢው መልስ አይሰጥማ። የስምንት ዓመት ልጅ «ይህ መጽሐፍ አሰልቺ ነው፣ የጠቆመኝም ሰው ዋሽቷል» ብሎ አይጽፍም። ዝም ብሎ መጽሐፉን አልጋ ሥር ይወረውረዋል። ዝምታውን እኛ «ልጆች ዘንድሮ ማንበብ አይወዱም» ብለን እንተረጉመዋለን።

የልጅ ዝምታ ርካሽ ስለሆነ ነው እንዲህ የምንደፍረው። ዋጋው ግን ትልቅ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ከኢትዮጵያ የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶው ለዕድሜያቸው የተመጠነ አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ለሳምንታት ተንጫጭተናል። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሲሆን እንደገና ተንጫጨን።

ይህ ሁሉ የልጆች መጽሐፍ ዝርዝር ባወጡ ሰዎች ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። የመምህር፣ የመማሪያ ክፍል፣ የጦርነትና የድህነት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሁላችንም ስለ 12ኛ ክፍል ስንጮህ የሁለተኛ ክፍሉን ልጅ ማን ያየዋል? ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ እጁ የሚገባው መጽሐፍ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ለብዙው ደግሞ አንድም የለ። መቶ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ላለው ልጅ መጥፎ ጥቆማ አንድ የባከነ ማታ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለሚገዛለት ልጅ ግን መጥፎ ጥቆማ ንባብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚማርበት ብቸኛ ትምህርት ነው።

የአንድ መጽሐፍን ጉልበት ለማወቅ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ማስታወስ ይበቃል። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው በ19 ዓመቱ ነው። ኋላ ተሰዶ አሜሪካ ገባ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ። የሌላው አገር ልጆች መጽሐፍ መደርደሪያ ሲሞላ የኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት እንደሌለ አየ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ አሳተመ። አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። ይህ ሰው ለልጆች መጽሐፍ የሚመርጠው ልጆቹ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው ነበር። እኛ ወንበራችን ላይ ሆነን በሽፋን እንመርጣለን።

ዝርዝሮቻችን የታመሙበት ሦስት በሽታ

አንደኛው ይሉኝታ ነው። ጸሐፊው፣ ደራሲው፣ አሳታሚውና ጋዜጠኛው በአንድ ካፌ የሚቀመጡበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። «ልፋቱን አየሁ፣ እንዴት አልጠቁመው?» እንላለን። ለደራሲው ማዘናችን ጥሩ ነው። ግን የምንጠቁመው ለማን ነው? ገንዘቡን የሚያወጣው ወላጅ፣ ማታውን የሚያጠፋው ልጅ ነው። ይሉኝታችንን በሌላ ሰው ኪስ አንክፈል።

ሁለተኛው መጽሐፍን ከአጋዥ መጽሐፍ ጋር ማምታታት ነው። «አዳዲስ የልጆች መጻሕፍት» የሚባለውን ክምር ገልጣችሁ እዩ። ብዙው የፊደል ገበታ፣ የቁጥር፣ የእንስሳትና የፍራፍሬ ስም ነው፤ ከጎኑ የእንግሊዝኛው ስም ተለጥፎበታል። ይህ ያስፈልጋል፤ አልነቅፍም። ግን ታሪክ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ አንባቢ አይሆንም። ፊደሉን ካወቀ በኋላ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ ገጽ የሚገልጥበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ወላጅ ግን «ልጄ ምን አወቀ?» ብሎ ስለሚገዛ አሳታሚው የሚታወቅ ነገር ያትምለታል። ጠቋሚውም ያንኑ ያጸድቃል። በዚህ ላይ «ልጄ አማርኛ ይከብዳታል» የሚለውን እንደ ማዕረግ የሚያወራ ወላጅ አለ። እሱ አማርኛ መጽሐፍ ሲገዛ የሚገዛው እንግሊዝኛውን አይቶ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ምክር ነው። በዝርዝሮቻችን ላይ መጽሐፍ የሚወደሰው በሚሰጠው ምክር ብቻ ነው። ታዛዥነትን ያስተምራል፣ ሐቀኝነትን ያስተምራል፣ ንጽሕናን ያስተምራል። ደራሲውም ይህን ያውቃልና ታሪኩን ገና ሳይጀምር ምክሩን ይጨርሳል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ከነመልሱ ይቀመጣል። ልጅ ሞኝ አይደለም። በታሪክ ስም ተግሣጽ እየተሰጠው እንደሆነ በሁለተኛው ገጽ ይነቃል።

አያቶቻችን እንዲህ አላደረጉም። «ተረት ተረት» ሲባል ልጁ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ የጨዋታው ባለቤት ነው። ከዚያ ጅቡ ይታለላል፣ ጦጣዋ ታመልጣለች፣ አህያ ትዋሻለች፣ ሌባው አንዳንዴ ያሸንፋል። ተረቱ ሲያልቅ ፈተና የለም፤ አፍን በዳቦ ማበስ ነው። ማሞ ቂሎን አስቡት። እናቱ የመከረችውን አንድም ሳይቀር ይሰማል፤ ችግሩ የትናንቱን ምክር ለዛሬ ማዋሉ ነው። ገንዘብ ሲጥል «ኪስህ ክተተው» ትለዋለች፤ በማግሥቱ ደመወዙ ወተት ሲሆን ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። ትውልድ ሁሉ በሆዱ እየተንከባለለ የሳቀበት ተረት፣ ምክርን እንደ ወረደ መስማት የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ተረት ነው! ዛሬ አንድ ደራሲ ይህን አዲስ አድርጎ ቢጽፈው «ትምህርታዊ መልእክቱ ግልጽ አይደለም» ብለን ከዝርዝር እናስቀረው ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

«የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌስ? እሱ ምክር አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ምክር አለው። ግን ያን መጽሐፍ አባቶቻችን በቃላቸው ይዘው ያረጁት ስለ ምክሩ ይመስላችኋል? ግጥሙ ጆሮ ስለሚገባ ነው። እንስሳቱ እንደ ሰው ተንኮለኞች ስለሆኑ ነው። ቃሉ ተመርጦ፣ ተመዝኖ ስለተቀመጠ ነው። ምክሩ ተከትሎ ገባ እንጂ አልቀደመም። የኛ ዘመን ደራሲ ምክሩን ወረሰና ሥራውን ተወው። ጠቋሚው ደግሞ ልዩነቱን አላየም፤ ሳያነብ እንዴት ያያል?

ጠቋሚ ምን ማየት ነበረበት?

ከዚያች መልእክት በኋላ መጽሐፍ እየገዛሁ ለእህቴ ልጅ ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ርኅራኄ የሚባል አታውቅም። ሲሰለቻት ተነስታ ትሄዳለች። ከእሷ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ የትኛውም ዝርዝር ላይ አላየሁትምና።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ሃያ ቃል ተሸክሞ ግሡ እስኪመጣ ይጠብቃል። ገና ፊደል እየለየ የሚያነብ ልጅ ግን አሥረኛው ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። «ለምለም ሣር በተነጠፈበትና ዛፎች ባሸበረቁት ተራራ ግርጌ በምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ከወላጆቹ ጋር በደስታ ይኖር የነበረ አንድ ትጉህ ልጅ ነበር» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ ልጁን ገና በራፉ ላይ ያደክመዋል። «ፍየሏ ጠፋች። የት ሄደች? ጣሪያ ላይ!» ብሎ የሚጀምር ግን አስገብቶታል። የቱን መጻፍ የሚከብድ ይመስላችኋል? ሁለተኛውን ነው። ውዳሴው ግን ለመጀመሪያው ነው፤ «ውብ ቋንቋ» ይባላልና።

ሁለተኛ፣ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው። ፊደላችን መጥበቁን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ በዓል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ። «ዶሮው ይበላል» ብላችሁ ብትጽፉ ዶሮው በላተኛ ነው ወይስ ተበዪ? ትልቅ ሰው ከዐውዱ ይረዳል። ልጅ የሚረዳው ከሥዕሉ ነው። ስለዚህ ሥዕል ጌጥ አይደለም፤ የንባቡ ግማሽ ነው። የእህቴ ልጅ «ዶሮው ይበላል ወይስ ይበሉታል?» ብላ ሥዕሉን ስታይ ዶሮው ገበታ ፊት ፎጣ አስሮ ቢቀመጥ በሳቅ ትሞት ነበር። እኛ ያነበብነው መጽሐፍ ላይ ግን ዶሮ የሚባል አልተሣለም፤ የአበባ ማስቀመጫ ነበር።

ሦስተኛ ራሱ ሥዕሉ። የኛ ጅብ በሚተረትበት ገጽ ላይ የአውሮፓ ተኩላ ተቀምጧል። የገጠር ቤት ነው ተብሎ ጭስ ማውጫ ያለው፣ በረዶ የተከመረበት ጎጆ ተለጥፏል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሥዕሎች መጥተዋል። አንዱ ገጽ ላይ ሹሩባ የነበራት ልጅ ቀጣዩ ገጽ ላይ ሌላ ልጅ ሆና ትገኛለች። ልጅ ይህን ያያል፤ የእህቴ ልጅ «ይቺ ማናት?» ብላ አስቁማኛለች። ሰዓሊ ቀጥረው፣ ከፍለው፣ ያንኑ ፊት ሃያ ገጽ ላይ ያሣሉ ደራሲዎችም አሉ። በብዙ መጽሐፍ ላይ ግን የሰዓሊው ስም ሽፋኑ ላይ የለም። ጠቋሚውም አይጠራውም።

አራተኛ ፊደሉ። ልጁ ከ231 የሚበልጡ ቅርጾችን ለይቶ ነው እዚህ የደረሰው። ገጽ 3 ላይ «ፀሐይ»፣ ገጽ 9 ላይ «ጸሀይ» ብላችሁ ስትጽፉለት ሁለት የተለያየ ቃል ነው የሚመስለው። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ አንድ መጽሐፍ ግን ከራሱ ጋር ይስማማ። መስመሩ የተጣበበ፣ ጽሑፉ ደቃቅ፣ ወይም ጽሑፉ በጠቆረ ሥዕል ላይ የታተመ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ምንም ቢያምር ልጁ ጋ አይደርስም።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መጽሐፉን ከፍቶ ለአንድ ልጅ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ የሌለው ሰው ለምን ዝርዝር ያወጣል?

«ዘርፉ ገና ነው፣ አትግደሉት»

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳነሳ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። «የልጆች መጽሐፍ ገና ዳዴ የሚል ዘርፍ ነው። ወረቀት ተወድዷል፣ ማተሚያ ቤት ተወድዷል፣ ደራሲው ከኪሱ ነው የሚያሳትመው። አሁን ብትተቸው ይሞታል።»

የወረቀቱ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ዘርፉን የሚገድለው ጅምላ ሙገሳ ነው። አንዷ ደራሲ ሁለት ዓመት ደክማ፣ ጽሑፏን መንደሯ ላሉ ልጆች እያነበበች፣ አሥር ጊዜ እየሰረዘች መጽሐፍ ታወጣለች። ሌላው በአንድ ሳምንት ከኢንተርኔት ተረት ገልብጦ፣ ሥዕል ለጥፎ ያሳትማል። በኛ ዝርዝር ላይ ሁለቱም «አስተማሪና አዝናኝ» ናቸው። ወላጁ በምን ይለያቸው? ርካሹን ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት የደከመችው ደራሲ ለምን ትደክማለች? ስንዴና እንክርዳዱን በአንድ ቁና የሚሰፍር ነጋዴ የሚጎዳው ስንዴ አምራቹን ነው።

«ሕዝቡ መጽሐፍ መግዣ የት አለው?» የሚልም አለ። በዚህ የኑሮ ውድነት መጽሐፍ የሚገዛ ወላጅ ከዘይቱና ከጤፉ ላይ ቀንሶ ነው። ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ ባዶ ሙገሳ የምንሸጥለት? ገንዘብ ሲያጥር ጥቆማ መጠንቀቅ ያለበት ይበልጥ ነው።

ሌላም አለ። በአማርኛ የምናወጣው ዝርዝር የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ አፉን በአማርኛ የፈታ አስመስሎ ነው የሚጻፈው። በዚህች አገር ልጆች በብዙ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ይማራሉ። ጅማ ያለ ወላጅ፣ አክሱም ያለ ወላጅ፣ ሚኒሶታ ያለ ወላጅ ያንኑ ዝርዝር ያነባል። «ይህ በአማርኛ ብቻ ነው፤ ይህ በአፋን ኦሮሞም አለ፤ ይህ በትግርኛም አለ፤ ይህ ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን ለሚማር ልጅ ይሆናል» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። እሱን እንኳ አናደርግም።

እና ምን እናድርግ?

አዲስ የልጆች መጽሐፍ የምንጠቁም ሁሉ፣ ጋዜጠኛውም፣ መምህሩም፣ ብዙ ተከታይ ያለው እናትም፣ ቢያንስ እነዚህን እንጻፍ፦

1. መጽሐፉን ሙሉውን አንብቤዋለሁ ወይስ አላነበብኩትም? ካላነበብኩት አልጠቁምም።

2. ለስንት ዓመት ልጅ አነበብኩት? ልጁ የት ሳቀ? የት ተነስቶ ሄደ? «ድገምልኝ» አለ ወይስ አላለም? ከዚህ የበለጠ ሒስ የለም።

3. ልጁ ብቻውን ያነበዋል ወይስ ትልቅ ሰው ያነብለታል? ያቺ ዱባይ ያለች እናት የሚያስፈልጋት ይህ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

4. ደራሲው ማን ነው? ሰዓሊው ማን ነው? በምን ቋንቋ ነው? ስንት ገጽ ነው? ስንት ገዛሁት? የት አገኘሁት?

5. ደራሲውን ወይም አሳታሚውን አውቀዋለሁ? በነጻ ነው የተሰጠኝ? ይህን ሳይደብቁ መናገር ወዳጅነትን አያፈርስም።

6. አንድ ጉድለቱን። እንከን የሌለው መጽሐፍ የለም። ጉድለት ያልተጻፈበት ጥቆማ ማስታወቂያ ነው።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ዝርዝር ከማመናችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። መጽሐፍ መደብር ስትገቡ ወይም አዟሪው ሲያቆማችሁ መሐል ገጹን ገልጣችሁ አንድ አንቀጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ልጃችሁንም ያጥረዋል። መጨረሻውን ገጽ እዩ፤ ታሪኩ የሚያልቀው በሳቅ ነው ወይስ በፈተና? ልጃችሁ አብሯችሁ ካለ ምርጫውን ለእሱ ተዉለት።

መግዣ ለሌለው ደግሞ በስልክ በነጻ የሚነበብ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ በአማርኛም ጭምር አጫጭር ታሪኮች በደረጃ ከፋፍሎ አስቀምጧል። ማጂ ያደገችው ደራሲ ጄን ከርትዝ የተሳተፈችበት ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የተባለው ተከታታይ ደግሞ እንግሊዝኛውን ከአማርኛ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወይም ከትግርኛ ጋር አጣምሮ አጫጭር መጻሕፍት ያወጣል፤ ውጭ ለተወለዱ ልጆች በተለይ ይጠቅማል። የኤልሳቤጥ ሌርድ ከየክልሉ የሰበሰበቻቸው ተረቶችም ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ እነሱ ግን ልጅ ብቻውን የሚያነባቸው ሳይሆኑ እናንተ አንብባችሁ የምትተርኩለት ናቸው። በትርጉም የቀረበ ነገር ስታገኙ ከላይ ያልኩትን ፈተና ስጡት፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አማርኛው አፋችሁን ካደናቀፈው እለፉት።

ያቺ እህትስ? ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «ልጅሽ ምንም አልሆነም፤ እኔ ሳላነብ ነው የጻፍኩት» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «እግዜር ይስጥህ፤ እኔ እኮ ልጄን ተቆጥቼዋለሁ» አለችኝ። ይህች ቃል እስካሁን አትወጣልኝም። በየገጹ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው አጭር ታሪክ መርጬ፣ መጀመሪያ ለእህቴ ልጅ አንብቤ፣ ከዚያ ላክሁላት። ልጁ የመጀመሪያ ማታ ግማሹን አነበበላትና ይበቃኛል አለ። ሁለተኛው ማታ ስልኩን ያነሳው ራሱ ነው። አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ አሁንም አንዳንድ ማታ እምቢ ይላል።

ያንን የድሮ ዝርዝሬን ከቻናሉ አላጠፋሁትም። ከላዩ ላይ «ከነዚህ ውስጥ አራቱን ሳላነብ ነው የጠቆምኳችሁ» የሚል ማስተካከያ ጽፌበታለሁ። በዚህ ክረምት አዲስ ዝርዝር አላወጣም። ለእህቴ ልጅ ያነበብኩላትን፣ እሷም «ድገመው» ያለችውን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ከላይ ባሉት ስድስት ነጥቦች እጽፋለሁ። ሦስት ብቻ ከሆኑ ሦስት ይሁኑ።

እናንተም ለልጃችሁ፣ ለወንድማችሁ፣ ለተማሪያችሁ ያነበባችሁለት አዲስ መጽሐፍ ካለ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። የሽፋን ፎቶ አትላኩ። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነና የትኛው ገጽ ላይ እንደሳቀ ንገሩን።